በጎኑ የተጋደመው በርጩማ

አባቴ ከሞተ በአራተኛው ወር በርጩማውን ከቤት አውጥቼ ለሙዚየም የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናቴን አላስፈቀድኳትም። ይህን አስቀድሜ ካልጻፍኩት ወደ የቡ ከተማ የሄድንበት ቀን ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማንም አይገባም።

አባቴ ጅማ ውስጥ በርጩማ እየጠረበ ነው ያሳደገን። የእሱ በርጩማ ሦስት እግር አለው። መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ የዋንዛ ጉማጅ ይወጣሉ፤ ሙጫም ምስማርም አይነካቸውም። ሲጨርስ ከሥሩ፣ ሰው በማያየው በኩል፣ በመሮ ሦስት ጊዜ ጫር ያደርግበታል። መጻፍ ስለማይችል ፊርማው ያ ነበር። ሐሙስ ገበያ ያወጣቸዋል፣ ዓርብ ያርፋል፣ ቅዳሜ ደግሞ ይጀምራል። ለራሱ የሠራው አንድ ብቻ ነው። ጓሮ ካለው ዳስ ሥር እሱ ላይ ተቀምጦ ነው ሌሎቹን ሁሉ የጠረበው። ከእሱ በቀር ማንም አይቀመጥበትም ነበር፤ የከለከለ ግን አልነበረም።

በሞተ በሳምንቱ እናቴ ያንን በርጩማ ከጓሮ አስገብታ፣ ከበሩ ማዶ ባለው ጥግ፣ መቀመጫውን ወደ ግድግዳ አዙራ በጎኑ አጋደመችው። በሠፈራችን ያሉ ባልቴቶች የያዙት ልማድ ነበር። የሟች መቀመጫ ዓመቱ እስኪሞላ በጎኑ ይተኛል። ዓመቱ ሲሞላ ይቃናል፤ መጀመሪያ በዕድሜ የገፋ ሰው ይቀመጥበታል፣ ከዚያ ወዲያ የማንም መቀመጫ ነው። ሼኩ ይህን አይወዱትም ነበር፤ «ከየት ያመጣችሁት ነገር ነው?» እያሉ ይቆጡ ነበር። ባልቴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሰሟቸዋል፤ ከዚያ ቤታቸው ገብተው ያጋድማሉ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ማወቅ ነበረብኝ፤ እዚያው ሠፈር ነው ያደግኩት። ነገር ግን ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ ባልቴቶቹ ሲያወሩም ጆሮዬን አልሰጥም ነበር። ጥግ ላይ የተጋደመ በርጩማ ሳይ የተጣለ ዕቃ መሰለኝ።

በዚያን ጊዜ ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከየቡ ወጣ ብሎ የአንድ ባለርስት የቡና እርሻ ነበር። ሰውዬው ሐውልት ይወድ ነበር ይባላል። በቡናው መሃል፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ የሲሚንቶ አንበሳ፣ ፈረሰኛ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ሌላም ሌላም አሠርቶ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ እርሻው ተወረሰ። ስለ ሐውልቶቹ አንዳንዱ ይፍረሱ አለ፣ አንዳንዱ ይቆዩ አለ፤ በመጨረሻ ቤቱ ሙዚየም፣ ግቢው ደግሞ ሕዝብ የሚጎበኘው የሐውልት ሥፍራ ይሁን ተባለ። የባህል ዕቃ የሚሰበስብ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የሚያስተባብረው የእኛ መሥሪያ ቤት ነበር። አለቃዬ ሰበሰበንና «ሕዝቡን ከመጠየቃችን በፊት እኛ ምሳሌ እንሁን። ሰኞ ሁሉም አንድ አንድ ዕቃ ይዞ ይምጣ» አለ።

አንዷ አገልግል አመጣች፣ አንዱ የአያቱን ጋሻ። ባዶ እጄን መግባት አፈርኩ። ሰኞ ጧት እናቴ ለቅሶ ቤት ሳለች በርጩማውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። ሁሉም አደነቁት። ከሰዓት በኋላ በየዕቃው ሥር የሚቆመውን ካርድ በታይፕ የመታሁትም እኔ ነኝ።

እናቴ ማታ ስትመለስ ጥጉን አየች።

«በርጩማውስ?»

«ለሙዚየም ሰጠሁት።»

«የት ነው እሱ?»

«ከየቡ ወዲያ።»

«እሺ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ልማዱን የነገረችኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ነች፤ እሷም የነገረችኝ እኔ የማውቅ መስሏት፣ ልትወቅሰኝ ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቤት ስትጠርግ እመለከታት ነበር። ጥጉ ጋ ስትደርስ መጥረጊያውን ታዞረዋለች፤ በርጩማው እዚያው እንዳለ ሁሉ ዙሪያውን ትጠርጋለች።

በጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው ያነሳችው። ልብስ እያጣጠፍን ነበር።

«ኅዳር ሲጋመስ ዓመቱ ይሞላል» አለች። «ከዚያ በፊት ሄደን እንየው።»

አምጪልኝ አላለችም። እኔ ግን ገባኝ። ዓመቱ የሚሞላበት ቀን በርጩማው ቤቷ ውስጥ እንዲቃና ነበር የፈለገችው። ለዚያ የቀረን ከሦስት ሳምንት አይበልጥም ነበር።

በነጋታው ለአለቃዬ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አገላበጠ። ለሕዝብ የተሰጠ ዕቃ ተመልሶ አይወጣም፣ ነገር ግን ተመሳሳይ ዕቃ ከተተካ ማንም አይከራከርም አለ። ደብዳቤውን ራሴ መታሁት፤ እሱ ፈረመበት፣ ማኅተም አረፈበት። ሐሙስ ገበያ ሄደን አንድ በርጩማ ገዛን። እናቴ ገልብጣ ሥሩን አየችው፣ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ይሄን የሠራ ሰው ቸኩሏል» አለች። «አንዱ እግሩ አጥሯል።»

«እዚያ ማን ያስተውለዋል?» አልኳት።

በርጩማውን አቅፋ የቤቱን መንገድ ጀመረች።

ቅዳሜ ጧት አውቶቡስ ተሳፈርን። በርጩማውን በጆንያ ከተነዋል። ረዳቱ ጆንያውን ሲያነሳ ቅርጹ በእጁ ገባውና «እማማ፣ መቀመጫ አይገኝም ብለው ይዘው መጡ እንዴ?» አላት።

«ካልተገኘ ላንተም አውስሃለሁ» አለችው።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ወረድን። በዚያን ጊዜ ቡና በድብቅ እንዳይወጣ ፍተሻው ጥብቅ ነበር። ፈታሹ ጆንያውን በዘንግ ወጋ ወጋ አደረገው።

«ምንድን ነው ይሄ? ቡና ነው?»

ከኋላችን የቆመ ሰውዬ «ወደ የቡ ቡና ጭኖ የሚሄድ ሰው ካለ እሱስ ይታሰር!» ሲል ተሳፋሪው ሳቀ። ፈታሹ አልሳቀም።

«በርጩማ ነው ልጄ» አለችው እናቴ። «ከጧት ጀምሮ ቆመሃል። ደክሞህ እንደሆነ ቁጭ በልበት።»

ጆንያውን ፈታ፣ አየ፣ መልሶ አሰረው። «እለፉ» አለ። ድምፁ ግን ቀነስ ብሎ ነበር።

የቡ ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ጆንያውን እኔ ተሸክሜያለሁ። የቡና ለቀማ ጊዜ ስለነበር ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከቡናው ውስጥ የለቃሚዎች ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎቹ ግን አይታዩም። እናቴ አልደከማትም። ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች፣ ሰው ስታገኝ በኦሮምኛ ሰላምታ ትለዋወጣለች፣ ወዴት ናችሁ ሲሏት «ዘመድ ልጠይቅ» ትላለች። ደብዳቤው በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱን ቃል በቃሌ ይዤዋለሁ።

በሩ ላይ የተቀበሉን ዘበኛው ናቸው። በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ካኪ ካፖርት ከነጭ ኮፍያ ጋር ያደረጉ የአገሩ ሰው። የሙዚየሙ ኃላፊ ቡና ማድረቂያው ጋ እንደሄደና ለምሳ እንደሚመለስ ነገሩን። «እስከዚያው ግቢውን ላሳያችሁ» አሉ። የመጣንበትን ጉዳይ አልጠየቁንም፤ እኛም አልነገርናቸውም። ጆንያውን ግን አዩት።

ሐውልቶቹን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ በወረቀት ላይ ስማቸውን መትቻለሁ እንጂ። ትላልቅ ጥላ ዛፎች አሉ፣ ከሥራቸው ቡና፣ በቡናው መሃል ቀጭን መንገድ። መንገዱ ሲታጠፍ ድንገት አንድ ሐውልት ይገጥማል። ሲሚንቶው አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል። እናቴ መጀመሪያ «አስተግፊሩላህ» ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ሰው መስሎ የተሠራ ነገር ማየት አልለመደችም። ጥቂት ሄዳ ግን አንበሳው ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይሄስ ምን ይበላል?» አለቻቸው ዘበኛውን።

«ቀን ቀን እንግዳ» አሉ። «ሌሊት እኔን። እኔ ነኝ የምጠብቀው፤ የሚፈራው ደግሞ እኔው።»

እንስራ ያዘለችው ሴት ዘንድ ቆምን። እንስራው አፉ ክፍት ነው፤ ውስጡ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። ዘበኛው ከመጡ ጀምሮ ወፏ አልለቀቀችም፣ ዝናብ ሲገባበት በቆርቆሮ ቁራጭ ይከድኑላታል። ከዚያ ወዲያ አዲሱ ሐውልት ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ የእርሻው አናጢ የሠራው፣ ጡጫውን ወደ ሰማይ የዘረጋ ሠራተኛ። ጡጫው ላይ ስድስት ሰባት የምሳ ቋጠሮ ተንጠልጥሏል።

«የለቃሚዎቹ ነው» አሉ። «እሱ ከቆመ ወዲህ ምሳችንን ጉንዳን ነክቶት አያውቅም። ኃላፊው አይወድም፣ ስለዚህ እሱ ሲመጣ አወርዳለሁ።»

እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ምናልባት ሁለተኛዬ ነው።

ከሠራተኛው ሐውልት አጠገብ ጥላው ደግ ነበር። እናቴ ወገቧን ያዘች። ዘበኛው አዩ።

«እናቴ፣ ቆመውማ አይሆንም» አሉ። «ማሎ፣ እባክዎ፣ አንዴ ይጠብቁኝ።»

ወደ ቤቱ ገቡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው በርጩማ አንጠልጥለዋል። መሬቱን በእግራቸው አስተካክለው እናቴ ፊት አስቀመጡትና በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉት።

«ታኣ» አሉ፤ ተቀመጡ ማለት ነው።

የአባቴ ነበር። ከሩቅ ነው ያወቅኩት። እናቴ አልተቀመጠችም። ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ገለበጠችው፣ ሥሩ ያለውን ሦስት ጫር በጣቷ ነካች። ከዚያ ቀና ብላ ዘበኛውን አየቻቸው።

«ይሄ የባለቤቴ ነው» አለች።

ሰውዬው አፋቸውን ያዙ። «የጅማው ጠራቢ? ባለ ሦስት ጫሩ?» አሉ። «እኔ ቤትም የእሱ እጅ አለ፤ ከሐሙስ ገበያ ነው የገዛሁት። እዚህ ዘጠኝ በርጩማ አለ፤ ዘጠኙንም ተቀምጬ ሞክሬያቸዋለሁ። ሰው የሚያሳርፍ ይሄ ብቻ ነው። ለዚህ ነው እንግዳ ሲመጣ ይሄን የማወጣው።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ደህና ናቸው እሳቸው?»

«ሞተ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። መቼ?»

«ዓመቱ ሊሞላ አምስት ቀን ቀርቶታል።»

ዘበኛው ያገራቸውን ልማድ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «አላህን! አላወቅኩም» አሉ። «ከመጋቢት ጀምሮ ሰው ሳስቀምጥበት ነው የቆየሁት። ዓመቱ ሳይሞላ። ማን ይነግረኛል? ሰዎቹ ከመኪና አወረዱት፣ አቁመው አስቀመጡት። ቆሞ ያየሁትን በርጩማ ለመቀመጫ ነው ያልኩት።» ደጋግመው ነው ያሉት። እኔን አላዩኝም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን እዚያ ከቆምነው ከሦስታችን የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እናቴ በርጩማውን እንደያዘች ነው። መቀመጫውን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችው። ቤት ሳለ ደብዝዞ ነበር፤ አሁን ያብረቀርቃል።

«እነማን ናቸው የተቀመጡበት?» አለች።

ሰውዬው ፈሩ። «ብዙ ናቸው» አሉ።

«ይንገሩኝ።»

መቁጠር ጀመሩ። አንዲት እርጉዝ ለቃሚ፣ ክረምት ላይ፣ ራሷን ስታ የነበረች። ከሰኮሩ በእግሩ የመጣ፣ ለዘመቻ የሄደ ልጁን ወሬ የሚያጠያይቅ ሰውዬ፤ ውኃ ጠጥቶ ግማሽ ቀን ተቀምጦበት ዋለ። ተማሪዎች ይዛ የመጣች አስተማሪ፣ ጫማዋ እግሯን ልጦት። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፤ ሐውልቶቹን በእጁ እየዳበሰ ሊያይ መጥቶ። ከከተማ የመጡ ሹሞች ግን አልተቀመጡም፤ ለእነሱ ከቢሮ ወንበር ነው የሚወጣው። እናቴ ሁሉንም ሰማች። ስለ ሰኮሩው ሰውዬ «ልጁን አገኘው?» ብላ ጠየቀች። አላወቁም።

«ሲነሱ ምን አሉ?» አለች።

«ምን ይላሉ? ገለቶማ ነው የሚሉት። አመሰገኑ።»

እናቴ በርጩማውን መሬት ላይ አኖረችው፣ በእጇ ነቅነቅ አድርጋ እግሮቹ መሬት መያዛቸውን አየች፣ «ቢስሚላሂ» ብላ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር አንድ ቀን ተቀምጣበት አታውቅም። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች፣ እጆቿን ነጠላው ላይ አደረገች፣ የተንጠለጠለውን የምሳ ቋጠሮ ታይ ጀመር። እኔ ጆንያውን ከኋላዬ ይዤ ቆሜያለሁ። ለመቀመጥም ለመሄድም አልሆነልኝም።

በዚህ መሃል ኃላፊው መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነው፤ ጫማው በቡና ጭቃ ተለውሷል፣ ቁልፎቹን በእጁ ይዟል። ዘበኛው የምሳ ቋጠሮዎቹን ለማውረድ አንድ እርምጃ ሄዱና ተዉት። ኃላፊው ጡጫውን አየ፣ በርጩማውን አየ፣ እናቴን አየ።

«አባባ፣» አላቸው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይሄ እኮ የሚታይ ዕቃ ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩዎት?»

«እሳቸው ቆመው ነበር» አሉ ዘበኛው።

ኃላፊው ወደ እናቴ ዞረ። ይነሱ ሊላት እንደሆነ ያስታውቃል። ቁልፎቹን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አደረገ። የእናቱን ዕድሜ የምታህል ሴት ከመቀመጫዋ ማስነሳት እሱ ባደገበትም አገር የሚቻል አይመስለኝም። እሷ ደግሞ አልረዳችውም። ቀና ብላ እያየችው «እንደምን ዋልክ ልጄ» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለና በመጨረሻ ራሱ ሐውልቱ የቆመበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እኔን የማውቀው ፊት ነው ብሎ ነው መሰል «ጓድ፣ ከጅማ ናችሁ አይደል? በምን ጉዳይ ነው?» አለኝ።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ጣቴ ደብዳቤውን ነክቷል።

«ለማየት ነው የመጣነው» አለች እናቴ።

እጄ ቦርሳው ውስጥ ቀረ። አላየችኝም።

«ውስጡን አሳየን» አለችው። ተነሳች፣ በርጩማውን ራሷ አነሳችና ተከተለችው። ቤቱ የባለርስቱ ሳሎን የነበረ ነው፤ ሰፊ፣ ቀዝቃዛ፣ የጣውላ ወለል ያለው። ጋሻው አለ፣ አገልግሉ አለ፣ ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። በመስኮቱ በኩል ስምንት በርጩማ በመደዳ ቆሟል፤ የዘጠነኛው ቦታ ባዶ ነው፣ ፊት ለፊቱ ካርድ። እናቴ በርጩማውን ባዶው ቦታ ላይ አኖረችው። ከዚያ ካርዱን በጣቷ አመለከተችኝ።

«ምን ይላል?»

እናቴ ማንበብ አትችልም። ሌላ ነገር ልላት እችል ነበር። ኃላፊው አጠገባችን ባይቆም ኖሮ ምናልባት እል ነበር።

«የጅማ በርጩማ» ብዬ አነበብኩላት። «ከዋንዛ የተሠራ። ሠሪው፦ ሰፊው ሕዝብ።»

«ማነው እሱ?»

ኃላፊው ሊያስረዳት ጎንበስ አለ። «ሁሉም ሰው ማለት ነው፣ እማማ። ጭቁኑ ሕዝብ፣ በጠቅላላ። እንዲህ ዓይነት ሥራ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም ነው ለማለት ነው።»

እናቴ አዳመጠችው። ልጁ ከልቡ ነበር የሚናገረው።

«ጥሩ ነው» አለች። «ሲጠርበው ግን ብቻውን ነበር።»

ኃላፊው ካርዱን አየ። «ካርዱ ከጅማ ነው ተመቶ የመጣልን» አለ።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አልኩ። የዚያን ዕለት ለዘጠኙም በርጩማ አንድ ዓይነት ነበር የመታሁት፤ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ተብሎ ስለተሰጠኝ ነበር። የአባቴ ላይ ስደርስ ጣቴ እንኳ አላመነታም።

እናቴ በርጩማውን ገልብጣ ለኃላፊው ሦስቱን ጫር አሳየችው። «ይሄ እሱ ነው» አለችው። ልጁ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። ስሙን ጠየቃት፤ ነገረችው። አልጻፈውም፤ በአፉ ግን ደጋገመው።

ስንወጣ ዘበኛው እስከ ዋናው መንገድ ሸኙን። ጆንያውን ከእኔ ተቀብለው ተሸከሙ። ምን እንዳለበት ያኔም አልጠየቁም። ስንለያይ እናቴ «እንግዳ ሲመጣ አይከልክሉ» አለቻቸው። «ዓርብ ዓርብ ትንሽ ቅቤ ነካ ያድርጉበት፤ ዋንዛ ድርቀት አይወድም።» እሺ አሉ፤ ደግመው ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሉ በእጇ አስቆመቻቸው።

ብቻችንን ስንሆን «ለምን?» አልኳት። «ደብዳቤው በእጄ ነበር።»

የቡ ልንደርስ ስንል ነው የተናገረችው።

«እኛ ቤት ማን ይመጣል?» አለች። «እኔና አንቺ ነን። እዚያ እንግዳ አለው።»

ይቅርታ ልጠይቃት ያሰብኩት ያኔ ነበር። ቃሉን አዘጋጅቼው ነበር። አውቶቡሱ መጣና ሮጠን ተሳፈርን።

አውቶቡሱ ሞልቷል። ረዳቱ የጧቱ ነው፤ ገና ሳይን «እማማ፣ አሁን ያውሱኝ!» አለ። እናቴ በርጩማውን ከጆንያው አወጣችና በመቀመጫዎቹ መሃል አድርጋ ራሷ ተቀመጠችበት። እስከ ጅማ ድረስ መኪናው በታጠፈ ቁጥር በርጩማው አጭር እግሩ ወዳለበት ያዘነብላል፤ ትከሻዋን ያዝኩላት። ኬላው ላይ ያው ፈታሽ ገብቶ ተቀምጣ ሲያያት በዚህ ጊዜ ሳቀ።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ገብቼ ከሥራ በፊት አንድ ካርድ መታሁ። የጅማ በርጩማ፣ ከዋንዛ የተሠራ፣ ሠሪው፤ ከዚያ የአባቴን ስም ከነአባቱ። ወደ የቡ በሚሄድ መኪና ለኃላፊው ላክሁት። ይለጠፍ አይለጠፍ አላውቅም። ኃላፊው ብዙም ሳይቆይ ተዛወረ፤ እኔም ተመልሼ አልሄድኩም። ለእናቴ ግን የመታሁትን አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

ዓመቱ የሞላ ቀን እናቴ የገበያውን በርጩማ ጥጉ ላይ አቆመችው። የቀድሞዋን ወቃሻዬን ጎረቤታችንን ጠርታ መጀመሪያ እሷን አስቀመጠች፤ በዕድሜ ትልቋ እሷ ነበረች። ጎረቤታችን ገና ስትቀመጥ ወደ አንድ ጎን አዘነበለችና «ውይ! ይሄ ሰው ይጥላል እንዴ?» ብላ ጮኸችና ተነሳች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ያ ደብዳቤ አለ?» አለች።

ከቦርሳዬ አወጣሁት። አራት ጊዜ አጠፈችው፣ ጎንበስ ብላ አጭሩ እግር ሥር አስገባችው፣ በእጇ ነቅነቅ አድርጋ አየችው።

«አሁን ተቀመጪ» አለቻት።